የሕዝብ ብድር የወሰደ መኪና አምራች ማስታወቂያ ይግዛ ወይስ አይግዛ?

መነሻ ጥያቄ፦ በዲሴምበር 2008 የቡሽ መንግሥት ለጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) እና ለክራይስለር 17.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ ክራይስለር በዎል ስትሪት ጆርናልና በዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጦች ላይ ሙሉ የማስታወቂያ ገጽ ገዝቶ የአሜሪካን ሕዝብ አመሰገነ። ብዙ ሰው ተቆጣ። አሜሪካ ውስጥ ታክስ የምንከፍል ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተናል። ምን ትላላችሁ?

ኦዲተሩ፦ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ከኖቬምበር እንጀምር። የጂኤሙ ሪክ ዋጎነር፣ የፎርዱ አለን ሙላሊ እና የክራይስለሩ ሮበርት ናርዴሊ 25 ቢሊዮን ዶላር ለመጠየቅ በየግል ጄታቸው ዋሽንግተን ገቡ። የምክር ቤት አባላት አፋጠጧቸው። በዲሴምበር ሲመለሱ ከዲትሮይት በመኪና ነው የመጡት። ጂኤም ቢዊክ የተባለ መኪናውን ያስተዋውቅ ከነበረው ከጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ ጋር የነበረውን ውል ቀድሞ አቋረጠ። ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜና በኦስካር የፊልም ሽልማት ሥርጭት ላይ ማስታወቂያ ማውጣቱንም ተወ። እንግዲህ ነገሩ ገብቷቸዋል ስንል ያ የምስጋና ገጽ መጣ። ደሞዝ መክፈያ አጣሁ ብሎ የተበደረ ሰው በዚያው ገንዘብ ጋዜጣ ላይ ምስጋና ያወጣል? ምስጋናውን ብድሩን በመመለስ ያሳይ።

መኪና ሻጯ፦ ወንድሜ፣ እኔ በ2009 ቨርጂኒያ መኪና መሸጫ ውስጥ ነበርኩ። ደንበኛው መኪናውን ይዞራል፣ በሩን ይከፍታል፣ መሪውን ይይዛል። ከዚያ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ኩባንያው ቢዘጋ ማን ይጠግንልኛል?» ዋጋ እንኳን አይከራከርም። መኪና አንዴ ገዝተውት የሚረሱት ዕቃ አይደለም። ለዓመታት መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ዋራንቲ ይፈልጋል። ዝም ያለ ኩባንያ ደግሞ የሞተ ነው የሚመስለው።

ጂኤም ከኦስካር ሲወጣ ቦታውን ማን ወሰደ? ሃዩንዳይ። በጃንዋሪ 2009 «በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ካጣችሁ መኪናውን መልሱ» የሚል ዋስትና ይዞ ወጣ። ያንን በሱፐር ቦውልም በኦስካርም አስነገረ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ መኪና ገበያ ከአምስት እጁ አንዱን ሲያጣ የሃዩንዳይ ሽያጭ ጨመረ። በማርች 30፣ 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ራሳቸው ወጥተው የጂኤምና የክራይስለርን ዋራንቲ መንግሥት ያስከብራል አሉ። ያ ንግግር ለእኛ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ጠቅሞናል። ገዢው መስማት የፈለገው እሱን ነበር።

ባለታክሲው፦ እኔ ዲሲ ውስጥ ለዓመታት የነዳሁት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ፎርድ ያንን ብድር አልወሰደም። በ2006 ፋብሪካውንም ዓርማውንም አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከባንክ ተበድሮ ነበርና ክፉውን ቀን አለፈ። ስለዚህ እሱ በማስታወቂያው የወደደውን ያድርግ። የሌሎቹ ግን ከእኔ ኪስ የወጣ ነው። ኤርፖርት ተሰልፌ ካገኘሁት ላይ የከፈልኩት ታክስ አለበት። የት እንደገባ መጠየቅ መብቴ ነው።

መኪና ሻጯ፦ ልክ ነው ጋሼ፣ ይጠይቁ። እኔ የምለው ግን መኪናው ካልተሸጠ የእርስዎም ገንዘብ አይመለስም ነው።

ኦዲተሩ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ክራይስለር በኤፕሪል 30፣ 2009 በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ይቆያል ተብሎ ለተገመተው ዘጠኝ ሳምንት 134 ሚሊዮን ዶላር ለማስታወቂያ ፈለገ። የመኪና ኩባንያዎቹን ጉዳይ የያዘው የኦባማ ግብረ ኃይል በግማሽ ቀነሰው። አበዳሪ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

መኪና ሻጯ፦ አልስማማም። ያ ጊዜ ደንበኛው በጣም የፈራበት ነበር። መናገር ካስፈለገ ያኔ ነው። የግምጃ ቤት ባለሥልጣን ስንት ማስታወቂያ ስንት መኪና እንደሚሸጥ በምን ያውቃል? የምስጋናውን ገጽ ግን አልከላከልም። ዋጋ የለበት፣ ዋራንቲ የለበት። እኔ ጋ አንድም ገዢ አላመጣም።

ኦዲተሩ፦ እንግዲህ ልዩነቱ ይሄ ነው። መኪና የሚሸጥ ማስታወቂያ አለ፤ የኩባንያውን ስም የሚያጥብ ማስታወቂያ አለ። ሁለተኛውን በሕዝብ ገንዘብ መግዛት ነውር ነው። የባሰው ደግሞ በኤፕሪል 2010 መጣ። የጂኤም አለቃ ኤድ ዊትኬር በቴሌቪዥን ወጥተው የመንግሥት ብድራችንን ከነወለዱ፣ ከጊዜው አምስት ዓመት ቀድመን ከፍለናል አሉ። ቃሉ በቃሉ ሲታይ ውሸት አይደለም። ግን ብድር ሆኖ የቀረው 6.7 ቢሊዮን ብቻ ነበር። መንግሥት ጂኤም ላይ ካዋለው ወደ 50 ቢሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ አብዛኛው ወደ አክሲዮን ተቀይሯል። መንግሥት 61 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር። የተከፈለውም ቢሆን መኪና ተሸጦ ከተገኘ ትርፍ ሳይሆን መንግሥት ራሱ በአደራ ካስቀመጠው ሂሳብ ነው። የመንግሥትን የድጎማ ገንዘብ ይቆጣጠሩ የነበሩት ልዩ መርማሪ ኒል ባሮፍስኪ ይህንኑ ለሴኔት ተናግረዋል፤ ሴናተር ቻርልስ ግራስሊም አጥብቀው ተቃውመዋል። መንግሥት በዲሴምበር 2013 የመጨረሻውን አክሲዮን ሲሸጥ ሕዝቡ በጂኤም ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ነበር። ያንን ማስታወቂያ ያየ ሰው ግን ዕዳው አለቀ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ባለታክሲው፦ እኔም ያኔ ከፍለዋል ብዬ ለተሳፋሪ እናገር ነበር።

መኪና ሻጯ፦ ታዲያ መፍትሔህ ምንድን ነው? ሁሉንም ይከልከሉ?

ኦዲተሩ፦ የለም። የብድሩ ውል ጄቶቹን እንዲያስወግዱ አስገድዷቸው ነበር። እንደዚያው ስለ ሕዝቡ ገንዘብ የሚናገር ማንኛውም ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት አበዳሪው አሃዙን ያጣራ። «ከፈልን» ካሉ ስንት እንደቀረ በዚያው ገጽ ይጻፉ።

መኪና ሻጯ፦ በእሱ እስማማለሁ። ዋጋና ዋራንቲ የሚናገረውን ግን ማንም አይንካው። እዚያ ላይ ሚሊዮን የቆረጠ ባለሥልጣን ከደንበኛው ፊት አይቆምም፤ እኛ ነን የምንቆመው።