ማስቲሽ ለልጅ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

የሆጤ ልጅ፦ ትናንት ማታ ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ በር ላይ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ አየሁ። ሀይላንዷን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ማስቲሽ ይምጋል። ሻይ ገዛሁለት። ስምህ ማነው ስለው ዝም ብሎ አየኝ። መልሱ የመጣው ሻዩን ከጨረሰ በኋላ ነው። ባለሱቅ ለልጅ ማስቲሽ እንዳይሸጥ በሕግ ይከልከል እላለሁ። እናንተስ?

ጫማ ሰፊው፦ እኔ እንጀራዬ በማስቲሽ ነው። ረዳቴ 15 ዓመቱ ነው፤ ግዛ ብዬ ስልከው ሊመልሱት ነው? ደግሞ ማስቲሽ ቢጠፋ ቤንዚን አለ።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ራስዎ ይግዙ። ይሄ ምን ያከራክራል?

ባለሱቋ (ሰኞ ገበያ)፦ እኔ ማንም ሳያዘኝ ለልጅ መሸጥ ካቆምኩ ቆየሁ። ባዶ እግሩን የመጣ ልጅ የትኛውን ጫማ ሊለጥፍ ነው?

ከኮምቦልቻ፦ ሕግ ምናምን ትላላችሁ። ፖሊስ አፍሶ ወደየመጡበት ቢመልሳቸው ያበቃል። ማታ ማለፍ አልቻልንም እኮ። ስልኬን የነጠቀኝ ከእነሱ አንዱ ነው። ፈልገው ነው የገቡበት።

ሲስተር፦ አፈሳ ስትሉ ደነገጥኩ። ቆይ ላስረዳ።

ብዙ ማስቲሽ ውስጥ ቶሉይን የሚባል ማሟሚያ አለ። ስብ ይወዳል፤ አንጎል ደግሞ ስብ የበዛበት ነው። ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል። መጀመሪያ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ሳቅ፣ ድፍረት፣ የምላስ መተሳሰር። ረሃብና ብርዱንም ያስረሳል፤ ልጆቹ የሚፈልጉት አንዱ እሱን ነው።

ዓመታት ሲቆይ ግን የነርቭ ገመዶችን የሚሸፍነው ሚየሊን ይጎዳል። ላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቡ። መልእክቱ ይዘገያል፣ ትዝታ ይሳሳል። ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው አንጎል ሲነካ እግር ይንገዳገዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቁጣን የሚገታው የፊተኛው አንጎልም ይዳከማል። ነጠቃውን እያጸደቅኩ አይደለም።

አሁን አፈሳው። እነዚህ የሚማጉ ነገሮች ልብን ስንደነግጥ ሰውነታችን ለሚረጨው አድሬናሊን ስስ ያደርጉታል። የማገ ልጅ ድንገት ሲደነግጥ ወይም ሲባረር የልቡ ምት ተዛብቶ እዚያው ሊሞት ይችላል። የመጀመሪያ ቀኑ ቢሆንም። ስለዚህ ስታዩት አትጩኹበት፣ አታሩጡት።

ከኮምቦልቻ፦ ወላሂ ይሄን አላውቅም ነበር። ስልኬስ?

ጫማ ሰፊው፦ ሲስተር፣ እኛስ? ማታ ማታ ራሴን ይወጋኛል።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ በርና መስኮት ከፍተው ይሥሩ። ቆርቆሮውንም ሁሌ ይክደኑ።

ለንደን ያለሁ የደሴ ልጅ፦ እዚህ ለመስከር እንደሚስበው እያወቁ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ በ1985 እ.ኤ.አ. ተከለከለ። የላይተር መሙያ ጋዝን የሚመለከት ለብቻው ሕግ የወጣው ግን በ1999 ነው። ጋሼ ቤንዚን አለ ያሉት እውነት ነው፤ አንዱን ስትዘጋ ሌላ ይከፈታል። እኔ ግን ይዘጋ ባይ ነኝ።

ጫማ ሰፊው፦ እሺ፣ ለልጅ አይሸጥ። ረዳቴን አልልክም። ግን ልጆቹ ማታ የት ይደሩ? እሱን ማን ይመልሳል?

ባለሱቋ፦ ዛሬ አንዱ መጣ። ለጋሼ ነው አለኝ። የትኛው ጋሼ ስለው ዝም አለ። ዳቦ ሰጥቼ መለስኩት። ዳቦውን እየገመጠ ቀጣዩ ሱቅ ገባ።