የቅጥር ፈተናና ስክሪን ሪደር፦ ማየት ለተሳናቸው ተመራቂዎች መላ የምታውቁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሥራ ፍለጋ ድጋፍ ለምትሰጡ ጥያቄ አለን።

ሲቪው ብዙም አያስቸግርም፤ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ነፃ ነው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይረው በኢስፒክ አማርኛም ያነባል (ድምፁ ለጆሮ ባይጥምም)። በፎቶ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ከምስል ላይ ፊደል በሚለየው ፕሮግራም በቴሰራክት ወደ ጽሑፍ ይቀየራል። ሠንጠረዥ ካለው ግን ዓምዶቹ ስለሚደበላለቁ ደመወዙና የምዝገባ ቀኑ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የሚያይ ሰው ሳያመሳክረው አይላክ። ዩኒኮድ (ለፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይልም ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ስክሪን ሪደሩ የሚያገኘው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። እሱንም ወደ ምስል ቀይሮ በቴሰራክት ማሳለፍ ይሻላል።

የቸገረን ፈተናው ነው። አንዳንድ ቀጣሪዎች በራሳቸው ኮምፒውተር ስለሚፈትኑ ምንም ፕሮግራም አይጫንም ይላሉ፤ ከፍላሽ የሚነሳውን፣ መጫን የማያስፈልገውን ኤንቪዲኤ እንኳ አይቀበሉም። በምትኩ አንባቢ ይመድባሉ። አንባቢው የሙያውን ቃላት አያውቅም፣ ግራፍ ሲያጋጥመው ይዘለዋል፣ ተጨማሪ ሰዓትም የለም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን (ለአካል ጉዳተኛው የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ማድረግን) የቀጣሪው ግዴታ አድርጎታል፤ ደብዳቤ ላይ ስንጠቅሰው ግን ጉዳዩ ከሰው ሀብት ወደ ሕግ ክፍል ይሄድና ፈተናው ያልፋል።

እናንተ ደብዳቤውን ለማን ትጽፋላችሁ፣ ለሰው ሀብት ወይስ በቀጥታ ለአይቲ ክፍሉ? ከማመልከቻው ጋር ነው ወይስ ለፈተና ከተጠሩ በኋላ? አንባቢን ከትምህርት ክፍሉ መርጦ መላክን የተቀበላችሁ ቀጣሪ አለ? ግራፍን በቃል የሚገልጽ መመሪያ ወይም የደብዳቤ ናሙና ያላችሁ ብታካፍሉን።