ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ለኮሎራዶ (አሜሪካ) አደን ቦታ እየመረጥኩ ነው፤ ምን ቀረኝ?

ኮንቱር ከማርቆስ፦
ሰላም ናችሁ? ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ታናሽ ወንድሜ ኮሎራዶ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ዘንድሮ በቀስት ኤልክ ለማደን ፈቃድ አውጥቷል። ኤልክ የአጋዘን ዘር ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ አሁን በ30 ሜትር አይስትም። ቦታ ለማሰስ ግን ጊዜ የለውም። እኔ ደግሞ የመሬት ልኬት ባለሙያ ነኝ፣ እንጀራዬ ካርታ ነው። «አንተ እዚያው ሆነህ ፈልግልኝ» አለኝ።

እናም ማታ ማታ መብራት ካለ ሳተላይት ምስል ላይ አፈጣለሁ። መጀመሪያ የግል ይዞታውን ቀንሼ የመንግሥት ደኑን አስቀረሁ። ከዚያ ውኃ፣ ሣር፣ እና በሁለት ተራራ መሀል ያለውን ዝቅ ያለ ማለፊያ፣ እኛ «በር» የምንለውን ፈለግሁ። ሦስት ቦታ ወጣልኝ። ከፍታቸው ከ2,900 እስከ 3,300 ሜትር ነው። ሦስቱም ወደ ደቡብ ያያሉ፣ ሣር በሣር ናቸው፣ ከመኪና መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ያራቅኋቸው ሌላ አዳኝ እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው። አደኑን የምታውቁ፣ ምን ስቻለሁ?

ሳቂው፦
ማርቆስ ተቀምጦ ኮሎራዶ ማደን! የኔ ወንድም የጠፋ በጋችንን ከጎረቤት ደጅ ፈልጎ አላገኘም።

የቢቸና ልጅ ደንቨር፦
ወንድሜ፣ አራት መስከረም በቀስት ወጥቼ የቀናኝ አንዴ ነው፤ ምክሬን በዚያው ልክ ውሰደው። ካርታ አነባበብህ ደህና ነው። ፀሐይዋን ግን የጎጃሟን አድርገሃታል። እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ሰሜን ደቡብ ማለት ብዙም ለውጥ የለውም። እዚህ በመስከረም ቀትር ላይ እንኳ በደቡብ በኩል ዘመም ብላ ነው የምትውለው። ወደ ሰሜን የሚያየው ተዳፋት ጥላ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ አለው፣ ይቀዘቅዛል። ኤልክ ሌሊትና ንጋት ላይ ሣሩን ይግጣል፤ ሲረፍድ እዚያ ጥላ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ሣሩን ብቻ አታስስ። ከሣሩ ጀርባ ያለውን ጨለማ ደን እይ፤ በዚያ ውስጥ ኮንቱሩ፣ ማለትም የካርታው የከፍታ መስመር፣ ድንገት የሚራራቅበት ደልዳላ ካለ መኝታው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ርቀቱ። አንድ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶም ሥጋው 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በጀርባ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ መስከረም ቀኑ ይሞቃል፤ ቶሎ ተገፍፎ ካልቀዘቀዘ ከአጥንቱ ጀምሮ ይበላሻል።

ወንዱ ለሴት የሚጮኸው በዋናነት ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ነው። ድምፁ እንደ ዋሽንት የቀጠነ ነው፤ ከዚያ አካል ይወጣል ብለህ አታምንም። ፍላጻው ካረፈ በኋላ ወንድምህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አይነሳ። ከኋላው ከሮጠ እንስሳውም ይርቃል፣ ደሙም ይጠፋበታል።

የጮቄ እረኛ፦
ልጄ፣ እኔ ኤልክ የሚባል አይቼ አላውቅም። ጮቄ ሥር በግ ስጠብቅ ግን ገብሳችን ውስጥ የምትገባ ሚዳቋ ነበረች። ከላይ ሆኜ በማለዳ ስቀርባት ሁልጊዜ ታመልጠኛለች። ኮቴዬን ሰምታ መስሎኝ ጫማ አውልቄ ሁሉ ሞክሬያለሁ። አባቴ ናቸው የጎጆውን ጭስ ያሳዩኝ። ማለዳ ጭሱ እየተሳበ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ዞሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሽታህም እንደ ጭሱ ነው። ወንድምህ በማለዳ ከታች ይጠጋ፤ ከረፈደ ደግሞ ዞሮ ከላይ ይምጣ። በመሀል፣ ነፋሱ ሲወላውል፣ ይቀመጥ።

ኮንቱር ከማርቆስ፦
አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቢቸናው፣ አሳፈርከኝ! ስንት ዓመት ኮንቱር ሳነብ ኖሬ የፀሐይዋን ነገር ረሳሁት።

ሸክሙንም አሰላሁት። 100 ኪሎ በ25 ኪሎ አራት ጊዜ መሸከም ነው። በ7 ኪሎ ሜትር፣ ሦስቱን ባዶ መመለሻ ጨምሮ፣ 49 ኪሎ ሜትር መሄድ! ለብቻው፣ በ3,000 ሜትር ላይ። ሁለቱን ቦታ ሰረዝኳቸው። ሦስተኛውን ከጀርባው ወዳለው ሰሜናዊ ደን አዛወርኩት፤ በሌላ የደን መንገድ ሲገቡ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ሄዶ አይቶት መጣ። ምልክት ያደረግሁበት ኩሬ ደርቋል፤ ምስሉ የድሮ ነበር ማለት ነው። ከዚያ 400 ሜትር ዝቅ ብሎ ግን ምንጭ አገኘ፣ ዙሪያው በኮቴ የተቦካ። የበጠጥ ፎቶም ልኮልኛል፤ ከበግ በጠጥ ይበልጣል፣ ገና እርጥብ ነው። ሚስቴ ምሳ ላይ ስልኬን አንስታ አየችው፤ ያለችኝን እዚህ አልጽፍም።

ነፋስ መፈተኛ በትንሽ ጠርሙስ ዱቄት ያዝ ብዬዋለሁ። አሁን የቀረን ክርክር መግቢያው ነው። እሱ መንገዱ ስለሚያጥርለት በማለዳ ከላይ በኩል ልግባ ይላል። የአባባን መልስ አንብቤለታለሁ፤ እስካሁን ግን እሺ አላለኝም።