ከጎረቤት ዓይን የሚሰውር፣ እሳት የማይጠራ አጥር ምን ልትከል?

ጠያቂዋ፣ ከሰሜን ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ፦
ወገኖቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ኢተን የተባለው ሰደድ እሳት አጠገባችን ያለችውን አልታዴናን ሲያወድም የእኛ ቤት ተርፏል። የወጥ ቤቴ መስኮት ከጎረቤት በረንዳ ጋር ስለሚተያይ፣ ከዓመታት በፊት ከግድግዳው 3 ጫማ ርቀት ላይ 9 የጣሊያን ጥዶች ደርድረን ተክለናል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ገለጥ አድርጌ ሳይ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ግን ቡናማ ጭራሮ ነው፤ የደረቀ የወፍ ጎጆም አለበት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልቁረጣቸው? በምን ልተካቸው?

ከኦክላንድ፦
እህቴ፣ ይቆረጡ! የደረቀ ጥድ እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚንጣጣ አገር ቤት አይተሻል። አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚያቃጥለው ነፋስ አርቆ የሚያመጣው ፍንጣሪ ነው፤ እንዲያ ያለ ጭራሮ ውስጥ ከወደቀ መስኮትሽ ሥር ችቦ ተለኮሰ ማለት ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮረብታው ላይ የተነሣው እሳት 25 ሰው ገድሏል።

አትክልተኛ፣ ከሎስ አንጀለስ፦
ከተክሉ ዓይነት በፊት ቦታው ይታሰብ። ከግድግዳው እስከ 5 ጫማ (1.5 ሜትር ያህል) ድረስ ጠጠር ወይም ሲሚንቶ ብቻ ይሁን፤ የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት እንኳ አይነስንሱ። አዲሱን አጥር ወደ ወሰኑ ያርቁት። ከዳር እስከ ዳር ከተያያዘ እሳቱን ይቀባበላል፤ ስለዚህ የሚታየውን ቦታ ብቻ በሚሸፍኑ፣ በተራራቁ ቁጥቋጦዎች ይከፋፍሉት። ቶዮን፣ የካታሊና ቼሪ ወይም ፌይጆዋ እመርጣለሁ። ፖዶካርፐስ እየተባለ ከሚሸጠው አንዱ ዓይነት የእኛው ዝግባ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን «የማይቃጠል ተክል» የሚልዎትን ሻጭ አይመኑ። ውኃ ካጣና ደረቁ ካልተለቀመ ሁሉም ይነዳል።

ከሳንዲያጎ፦
ተክሉ እስኪያድግ መስኮቱ ላይ ብርሃን የሚያስገባ፣ ግን የማያሳይ ፕላስቲክ ይለጥፉ። እኛ ለጥፈን ተገላግለናል። የእንጨት አጥርዎ ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን 5 ጫማ በብረት ይለውጡት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ላስቆርጣቸው ነው።

አትክልተኛው፦
የሳንታ አና ነፋስ (ከበረሃ የሚነሣው ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ) ካለ ቀኑን ያዛውሩ፤ የመጋዙ ሞተር ራሱ እሳት ያስነሣል። የተቆረጠውንም ግቢ ውስጥ ከምረው አያሳድሩ።