ጥቆማ፦ ከቀለህ የተሠራ የናስ አምባር ሳይሰነጥቅ የሚያሰፋ ባለሙያ ታውቃላችሁ?

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)፦ ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ የሰጠችኝ፣ ከትልቅ ጥይት ቀለህ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ጫፎቹ ያልተገናኙ የናስ አምባር አለኝ። ለእጄ ስለጠበበኝ ጥቂት ማስፋት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን በውስጠኛው በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ስለማይበት ፈርቻለሁ። ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና ባለው አካባቢ ናስ በወጉ የሚሠራ፣ ዋጋውም የሚቀመስ ባለሙያ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

የቸርችሉ ደንበኛ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ ከባህል ዕቃ መደብሮቹ ጀርባ የሚሠሩት አዛውንት ዘንድ ይሂዱ፤ ሌላ ቦታ መንከራተት አያስፈልግዎትም። ቤተሰባችን መስቀሉንም ሆነ ቀለበቱን ከእርሳቸው በቀር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

አምባሬ የተሰበረብኝ፦ እህቴ፣ ለማንም ከመስጠትሽ በፊት የእኔን ስሚ። ተመሳሳይ አምባር ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ሱቅ ሰጥቼ፣ ሠራተኛው እሳት ሳያስነካው ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ይዞ ሲስባቸው «ጧ» ብሎ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። ባለቤቱ «ዕቃው ቀድሞም ያረጀ ነበር» ከማለት በቀር ኃላፊነት አልወሰደም፤ እኔም ደረሰኝ ስላልነበረኝ የምከራከርበት አጣሁ።

ከካዛንቺስ፦ ያለ ደረሰኝ ዕቃ ማስረከብ ተገቢ አልነበረም። ለጥገና የሚሰጥ ጌጥ በሚዛን ተመዝኖ፣ ከነጉድለቱ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው መሰጠት ያለበት።

አምባሬ የተሰበረብኝ፦ ደረሰኝማ ጠይቄ ነበር፤ «ለናስ ደረሰኝ አንቆርጥም» ነው ያሉኝ። ወርቅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይደፍሩ ነበር?

ንጹሕ ቤት፦ ናስ ሲጠቁር ሎሚና ጨው ቀብቶ ጥቂት አቆይቶ በለብታ ውኃ ማጠብ ነው። እምቢ ካለ ደግሞ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ፍቱን ነው።

ቁም ነገር፦ የተጠየቀው ስለ ማስፋት ነው፤ ሎሚ አምባር አያሰፋም። ደረሰኝም ቢሆን የተሰበረውን አይመልስም። ከሁላችሁ መካከል ለጥያቄዋ መልስ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን አዛውንቱ ናስ ሠርተው ያውቁ እንደሆነ አልነገረንም።

የአንጥረኛ ልጅ፦ አሞኒያውን ፈጽሞ እንዳይነኩት አደራ። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ፣ በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተከማቹ የጥይት ቀለሆች በዝናብ ወራት ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር፤ ምክንያቱ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ሲሠሩ በውስጣቸው የቀረ ውጥረት ካለበት ናስ ጋር መገናኘቱ መሆኑ በ1921 እ.ኤ.አ. በጥናት ተገልጿል። የእርስዎም አምባር በመዶሻ የተቀጠቀጠ ስለሆነ ይኸው ውጥረት አለበት።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉበት። የክላሽ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ መዳብ ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ብረት ነው፤ ማግኔት ከያዘው ናስ አይደለም፣ የሥራው ስልትም ይለያል። ካልያዘው፣ የቀለህ ናስ እንደተለመደው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ይህ ናስ በተቀጠቀጠና በታጠፈ ቁጥር ይጠነክራል፣ ሲጠነክርም ይሰባበራል። ስለዚህ ባለሙያው ቀድሞ ማጋል አለበት፤ ጥላ ባለበት ቦታ ሲታይ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አሙቆ፣ ቅላቱ ሲጠፋ ውኃ ውስጥ ቢነክረውም እንደ አረብ ብረት አይጠነክርም። ከዚያ በሾጣጣ ዘንግ ላይ አድርጎ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ያሰፋዋል፤ መልሶ ከጠነከረ እንደገና ያግለዋል። የጫፎቹ ክፍተት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲጨምር የዙሩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) የሚጨምረው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ መሳብ ካስፈለገ ሥራው በአንድ ሙቀት አያልቅም።

ወርቅ ቤቶች እምቢ ቢሉዎት አይቀየሟቸው። የወርቅ ብናኝ ከጠረጴዛቸው ላይ ሰብስበው መልሰው ስለሚያቀልጡት፣ ናስ እንዲቀላቀልበት አይፈልጉም። ብር፣ መስቀልና ናስ የሚሠራ ሰው ይፈልጉ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳ ብዙ ሱቆች ቦታ ስለቀየሩ በቀድሞው አድራሻ አይተማመኑ።

ከውጭ የተመለሰ፦ የአንጥረኛው ልጅ ያሉት ልክ ነው። በኖርኩበት አገር ተኳሾች የተተኮሰ የናስ ቀለህን መልሰው ይጠቀሙበታል፤ ሲተኮስ ስለሚነፋ ቅባት ተቀብቶ በጠባብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል ገብቶ ወደ ልኩ ይመለሳል። ይህ ሲደጋገም አንገቱ ጠንክሮ ይሰነጠቃልና በየጊዜው አንገቱን ብቻ ያግሉታል፤ ግርጌው ግፊቱን የሚሸከም ስለሆነ እንዳይለሰልስ እሳት አያስነኩትም። በአምባር ላይ ግን ይህ ስጋት ስለሌለ ሙሉው ቢግል ይሻላል።

የቸርችሉ ደንበኛ፦ ይህን ሁሉ ማወቅ ለእርሳቸው እንጂ ለደንበኛ አያስፈልግም። አሁንም ምክሬ እርሳቸው ናቸው።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማግኔት አይይዘውም። አዛውንቱ ቅዳሜ ይሠራሉ?

አምባሬ የተሰበረብኝ፦ የእኔስ ስንጥቅ ይበየዳል ወይስ በቃ ተስፋ ልቁረጥ?

የአንጥረኛ ልጅ፦ ይበየዳል። መጀመሪያ ይገል፤ ከዚያ ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከቅባትና ከዝገት ጸድቶ በብር ብየዳ ይያዝ። ለኤሌክትሮኒክስ የሚያገለግለው ለስላሳ ብየዳ ጌጥ ላይ አይጸናም። የጠያቂዋም ቀጭን መስመር በማጉያ መስታወት ይታይ፤ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ስንጥቅ ነውና ከማስፋቱ በፊት ይበየድ።