ጸዳል ከብርሃን በምን ይለያል?

«ጸዳል ያው ብርሃን ማለት ነው አይደል? ከፀሐይ የወጣ ቃል ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል እህቴ። በሁለቱም አልስማማም።

ከፊደሉ ልጀምር። ጸዳል የሚጻፈው በጸሎቱ «ጸ» ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በፀሐዩ «ፀ»። ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እንዳሻን እንቀያይራቸዋለን፣ በግእዝ ግን ሁለቱ ፊደላት ሥር ይለያሉ። የጸዳል ሥር «ጸደለ» ነው፣ አበራ፣ አንጸባረቀ ማለት። «ጽዱል» ብሩህ ነው። ንጹሕ ነገር ስለሚያበራ «ጸዳ» ከሚለው ጋር የሚያዛምዱትም አሉ፤ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን «ለ»ን የት እናድርጋት? የሥሩ ፊደል ናት።

ትርጉሙ ላይ ነው ነገሩ። ብርሃን ሰፊ ነው፣ የቀኑም የኩራዙም የዓይንም ብርሃን ይባላል፤ «በራ»፣ «መብራት»፣ «ብሩህ» ሁሉም ከ«በርሀ» የወጡ ናቸው። ጸዳል ግን ባለቤት ይፈልጋል። ከአንድ ነገር ወይም ከአንድ ሰው ላይ የሚፈልቅ ድምቀት ነው። የፊቷ ጸዳል፣ የዘውዱ ጸዳል እንላለን እንጂ ቤት ሲጨልም «ጸዳል አምጡ» የሚል የለም። ልጃቸውን ጸዳለ ብለው የሚሰይሙ ወላጆችም ይህን ያሰቡ ይመስለኛል።

ደግሞ ጸዳልን ከ«ጋመ» ጋር እንዳታምታቺው። እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች ደጋ ላይ ነን፣ ብርዱ ይታወቃል፣ ኩበት እናነዳለን። ነበልባሉ ወርዶ ኩበቱ አመድ ለብሶ ይቀመጥና እፍ ስትይው አመዱ ቡን ይላል፣ ከሥሩ ፍሙ ቀልቶ ይታያል። ያኔ «ጋመ» ነው የሚባለው። ብረትም እሳት ውስጥ ቆይቶ ሲቀላ ጋመ እንላለን። ጋመ ሙቀት አለበት፣ ጸዳል ላይ ሙቀቱ ግድ አይደለም።

ወጋገን ሌላ ነው። ጣርማ በር ተራራ ላይ በማለዳ ቆመሽ ወደ ቆላው ብታዪ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትታይ ሰማዩ ወገግ ይላል፤ ወጋገን እሱ ነው።

«ታዲያ ከተማችን ለምን ደብረ ጸዳል አልተባለችም?» ላልከው ወንድሜ፦ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት ነው ብለው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ኮከብ ይሁንም አይሁንም፣ ታሪኩ የሚነግረን ሰማዩን እንዳበራው ነው፣ ከምን እንደወጣ ግን አይነግረንም። ለእንዲህ ያለው ደግሞ ትክክለኛው ቃል ብርሃን ነው።