ስልጠናው ሞልቶልኛል፤ ሰው ፊት ስቀመጥ ግን ቃል ያጥረኛል። ምን ዓይነት ስልጠና ልፈልግ?

አዲሷ አማካሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዲግሪዬ በማኅበራዊ ሥራ ነው። አሁን የሱስ ሕክምና በሚሰጥበት ማዕከል ውስጥ በአማካሪነት እሠራለሁ። እስካሁን የወሰድኳቸው ስልጠናዎች ሁሉ አጫጭር ወርክሾፖች ናቸው። ስላይድ ይታያል፣ በቡድን ውይይት ይደረጋል፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ይታደላል። ስለ አንጎልና ዶፓሚን ስለሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጥሩ አድርጌ ማስረዳት እችላለሁ። የለውጥ ደረጃዎችንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

በሩ ተዘግቶ ከሰውየው ጋር ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት "እኔ እንኳን ችግር የለብኝም፣ ቤተሰቦቼ ናቸው ያመጡኝ" ብለው ነው። ስለ ጉዳቱ ባስረዳቸው እንደማይሰሙኝ ከፊታቸው ያስታውቃል። ታዲያ ምን ይባላል?

ረዘም ያለ ስልጠና ለመውሰድ እያሰብኩ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥም አለ፣ በአካል የሚሰጥም አለ። ሁሉም "ሙያዊ ብቃት ያስጨብጣል" ይላሉ። በምን ልለያቸው? በሥራው የቆያችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሱፐርቫይዘሩ፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። የእኔ ሥራ አሁን ጀማሪ አማካሪዎችን መከታተል ስለሆነ ይህን ጥያቄ በየጊዜው እሰማዋለሁ። ከመመዝገብሽ በፊት አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ "ስሠራ የሚያየኝ ሰው አለ ወይ?" የለም ካሉሽ ትምህርቱን ለእውቀት ያህል ውሰጂው። ሥራውን ያስተምረኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

ይህ የእኔ ልምድ ብቻ አይደለም። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለውን፣ ሰውየው የሚለወጥበትን ምክንያት ራሱ እንዲናገር የሚያግዝ የምክር ዘዴ ሳትሰሚው አትቀሪም። ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ ያስተዋወቀው፣ በኋላም ከስቴፈን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው ዘዴ ነው። ሚለርን የማከብረው የራሱን ስልጠና ራሱ ስለፈተነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት፣ አንድ ወርክሾፕ የወሰዱ አማካሪዎች ችሎታችን በጣም ጨምሯል ብለው ነበር። የሥራቸው የድምፅ ቅጂ ሲደመጥ ግን ለውጡ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ተገልጋዮቹ ደግሞ የሚያወሩት ያው የድሮውን ነበር።

እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት 140 ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ወርክሾፕ ብቻ ወሰዱ። ሌሎቹ ከወርክሾፑ በኋላ ወይ ቅጂያቸው ተደምጦ ግብረ መልስ ተሰጣቸው፣ ወይ በስልክ የሚያግዛቸው አሰልጣኝ ተመደበላቸው፣ ወይም ሁለቱንም አገኙ። ወርክሾፕ ብቻ የወሰዱት ያገኙት ችሎታ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ሄደ። ክትትል ያገኙት ግን የተማሩትን ያዙት። ተገልጋዮቹ ራሳቸው ስለ መለወጥ የበለጠ ማውራት የጀመሩት ግን ሁለቱንም ካገኙት አማካሪዎች ጋር ብቻ ነበር።

እኛ ጋ የሚደረገውን ልንገርሽ። አማካሪው ተገልጋዩን አስፈቅዶ ውይይቱን ይቀዳል። ከዚያ ከፊሉን አብረን እንሰማዋለን። ወረቀት መሃል ላይ መስመር ይሰመራል። በግራ በኩል አማካሪው የጠየቀውን ጥያቄ በጭረት እንቆጥራለን፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ያለበትን። የጀማሪ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ግራው በጭረት ተሞልቶ ቀኙ ባዶ ነው። ለዚህ ዘዴ በወጣው ሚቲ በተባለው መመዘኛ ጥሩ የሚባለው ለአንድ ጥያቄ የሰሙትን ሁለት ጊዜ በራስ ቃል መልሶ ማለት ነው። አማካሪው ያንን ወረቀት ሲያይ ምንም ማብራራት አያስፈልገኝም። የራሱን ድምፅ ሰምቷል፣ ጭረቱንም ቆጥሯል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስባል።

የአንቺን ሰዎች እንውሰድ። "ቤተሰቦቼ ናቸው ያመጡኝ" ያለውን ሰው "ለምን ያመጡህ ይመስልሃል?" ብትዪው መከላከል ይጀምራል። "ሳትፈልግ እዚህ መቀመጥህ አናዶሃል" ብለሽ ዝም በይ። ዝም በይ ያልኩት የምሬን ነው፤ ከባዱ ክፍል እሱ ነው። ቶሎ የሚመልስ አለ፣ መሬት መሬት እያየ የሚቆይም አለ። ብዙ ጊዜ ግን "እንዴት አልናደድ! እነሱም ቢሆኑ ግን እውነት አላቸው፣ ሰሞኑን ትንሽ አብዝቼዋለሁ" የሚል ነገር ይመጣል። ይህን አንቺ ብትነግሪው ይከራከርሽ ነበር። ራሱ ሲያወጣው ግን የራሱ ጉዳይ ይሆናል። "አብዝቼዋለሁ ስትል እስኪ አጫውተኝ" ብለሽ ትቀጥያለሽ።

ከዚህ ውጪ ሥርዓተ ትምህርቱን እይ። ምዘና፣ የግልና የቡድን ምክር፣ ማገርሸትን መከላከል፣ ሥነ ምግባር፣ ከሱሱ ጋር አብሮ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም መኖር አለባቸው። ኮሎምቦ ፕላን በሚባለው የመንግሥታት ድርጅት በኩል የተዘጋጀው የሱስ ሕክምና ሥርዓተ ትምህርት በብዙ አገሮች ይሰጣል፤ መሠረታዊና ከፍተኛ ደረጃ አለው። ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። እሱንም ቢሆን ከሱፐርቪዥን ጋር፣ ማለትም ሥራሽን እያየ የሚያርምሽ ሰው ይዘሽ አድርጊው።

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ይህ የሌለበት ስልጠና ግን ለእኔ ስልጠና አይደለም። አማካሪ መድኃኒት አያዝም፤ አደጋን ግን ለይቶ ማወቅ አለበት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው "ከነገ ጀምሮ በቃኝ" ሲልሽ ጎሽ ብለሽ ወደ ቤቱ እንዳትሸኚው። አልኮል በድንገት ሲቆም ሰው ሊሞት ይችላል። የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከባዱ መቃዠት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንቀጥቅጦ ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሄሮይንና መሰል ኦፒዮይድ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቻል ያቆማል። ስለዚህ ከሕክምና ወይም ከእስር ቤት እንደወጣ ቢያገረሽበትና የለመደውን ያህል ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይህን ለእሱም ለቤተሰቡም መንገር የአማካሪ ሥራ ነው። ኦፒዮይድ በዝቶበት ትንፋሹ ለሚቆም ሰው የሚሰጠው መድኃኒት፣ ናሎክሶን፣ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚሰጥ አብራችሁ ተማሩ።

ኦዲት የሚባለውን ስለ መጠጥ የሚጠይቅ መጠይቅም ልመጂው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፣ ጥያቄው 10 ብቻ ነው። ውጤቱ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠጡ ለጤናው አስጊ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ከሱስ የወጣ አማካሪ፦

በአንድ ነገር ላይ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። የአንጎሉን ትምህርት "ለእውቀት ያህል" ብለው አለፉት። እኔን የጠቀመኝ ግን እሱ ነው፣ በተለይ ከቤተሰብ ጋር ስቀመጥ። እናት "ልጄ ወስላታ ሆነ፣ ቃሉን አይጠብቅም" ብላ ስታለቅስ፣ የፍላጎቱ ስሜት ሰውየው ወስኖ ካቆመ በኋላም ለምን እንደሚቀሰቀስ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ቤት ውስጥ ያለውን ጠብ ያበርደዋል። ስለዚህ የያዝሽውን አትናቂው፤ ለማን እና መቼ እንደሚነገር ተማሪ።

ሌላው፣ ራስን ስለ ማጥፋት እንዴት እንደሚጠየቅ ቃል በቃል የሚያለማምድ ስልጠና ፈልጊ። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል ብሎ የሚፈራ አማካሪ አሁንም ብዙ ነው። አያመጣበትም። በቀጥታ "ሕይወትህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ተብሎ ነው የሚጠየቅ።

አዲሷ አማካሪ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ አለ። ተገልጋዩን ልቅዳህ ብዬ እንዴት አስፈቅደዋለሁ? መጀመሪያውኑ እኔን ያላመነ ሰው ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ጭራሽ አይዘጋብኝም?

ሱፐርቫይዘሩ፦

በመጀመሪያው ቀን አትጠይቂው። ትንሽ ሲለምድሽ እንዲህ በይው፦ "ሥራዬን እንዳሻሽል የሚረዳኝ ሰው አለ። የሚያዳምጠው አንተን ለመገምገም ሳይሆን እኔን ለማረም ነው። ከእሱና ከእኔ ሌላ ማንም አይሰማውም፣ ካዳመጥነው በኋላ ይጠፋል። አልፈልግም ካልክ ሕክምናህ ላይ ምንም አይቀየርም፤ መሃል ላይ አቁሚው ብትለኝም አቆማለሁ።" ከዚያ በጽሑፍ ይፈርም። በግል ስልክሽ አትቅጂ፣ ማዕከሉ በይለፍ ቃል የሚዘጋ መቅጃ ይስጥሽ። እምቢ ካለሽ "እሺ" ብለሽ እለፊው፣ ሌላ ሰው ይፈቅድልሻል። እስከዚያው ሱፐርቫይዘርሽ በተገልጋዩ ፈቃድ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቢያይሽም ያው ነው።

ማዕከላችሁ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው ከሌለ ጻፊልኝ። የምንጠቀምበትን የፈቃድ ቅጽና የጭረቱን ወረቀት ባዶውን እልክልሻለሁ።